«ሰወች» ወይስ «ሰዎች»? «መምህራኖች»ስ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። በአማርኛ ድርሰቷ ላይ «ገበሬወች» እና «ሰወች» ብላ ጽፋ መምህሯ በቀይ ከቦበት ነጥብ ቀነሰባት። እሱ ራሱ ግን ከሥር በጻፈው አስተያየት «መምህራኖችሽን አማክሪ» ይላል። አባቴ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አይተው «መምህራን ከተባለ ወዲያ ኦች ምን ይሠራል? መምህሮች ማለትም የገበያ አማርኛ ነው» አሉ። ልጅቷ ደግሞ «ውሾች ነው ውሻዎች?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ለመሆኑ የአማርኛ ብዙ ቁጥር ሕግ አለው ወይስ እንደየአፉ ነው?

ምላሽ፦ ሕግ አለው። ችግሩ ሁለት መሆኑ ነው። አማርኛ ብዙ ቁጥር የሚሠራበት የራሱ መንገድ አለው፤ ከግዕዝ የወረሰው ደግሞ ሌላ ነው። ቤትዎ የተነሣው ክርክር የመጣው ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ነው። መምህሩ «ወች»ን ማረሙ ልክ ነው። «መምህራኖች» ማለቱ ልክ አይደለም። አባትዎ ስለ «መምህራኖች» ያሉትን እቀበላለሁ፤ «መምህሮች»ን ገበያ ማውረዳቸውን ግን አልቀበልም። የልጅቱ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ለእሱ መንገድ የሚጠርገው የ«ወች» ጉዳይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ልጅዎ «ሰወች» ብላ የጻፈችው ሰንፋ አይደለም። ጆሮዋን አምና ነው። ወ ስንል ከንፈራችንን አሞጥሙጠን ነው የምንለው። «ወርቅ»፣ «ወተት»፣ «ወንድም» ብለው ይሞክሩት። «በ» ወይም «ተ» ስንል የሚወጣው ድምፅ እዚህ የለም፤ ወደ ኦ ተጠግቷል። ስለዚህ ወ እና ዎ በአፍ ሲነገሩ ተቀራራቢ ናቸው። «ሰዎች» የሚለውን ቃል ሰምቶ ብቻ የሚጽፍ ልጅ ከሁለቱ አንዱን በዕድል ይመርጣል። ጎጃም ውስጥ በየግድግዳው፣ በየማስታወቂያው «ወች» ይታያል፤ ግን የጎጃም በሽታ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ሞልቷል።

ስልክም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በብዙ የስልክ ፊደል ገበታ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ግዕዙ፣ ማለትም የመጀመሪያው ፊደል፣ ወ ነው። ዎን ለማግኘት አንድ ተጨማሪ መንካት ያስፈልጋል። የቸኮለ ሰው አይነካትም። አንባቢም ስለሚገባው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓይናችን ለመደው።

ጆሮ ካልረዳ ምን ይረዳል? የቃሉ አሠራር። የአማርኛ የብዛት ምልክት «ኦች» ነው። «ወች» የሚባል ምልክት የለም፤ «ዎች»ም ቢሆን ያው «ኦች» ነው፣ ለምን ው እንደጨመረ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። ስሙ በሳድስ (በስድስተኛው ፊደል) ሲያልቅ ኦ ከሳድሱ ጋር ይጋጠምና ፊደሉ ሳብዕ (ሰባተኛው) ይሆናል። ቤት፣ ቤቶች። በግ፣ በጎች። ወንዝ፣ ወንዞች። ልጅ፣ ልጆች። ት ቶ ሆነ፤ ግ ጎ ሆነ፤ ዝ ዞ ሆነ። «ሰው»ም መጨረሻው ሳድስ ነው። ው ሳብዕ ሲሆን ዎ ነው። ስለዚህ «ሰዎች»።

ለልጅዎ ይቺን መፈተኛ ይስጧት። «ቤቶች»ን «ቤተች» ብላ ትጽፋለች? አትጽፍም፤ ያስቃታል። «በጎች»ን «በገች» ትላለች? አትልም። «ሰወች» ከ«ቤተች» ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ልዩነቱ አንደኛው ለጆሮ መጉላቱ፣ ሌላው መደበቁ ነው። በተጠራጠረች ቁጥር በልቧ «ቤቶች» ትበል። ቶ ሳብዕ ከሆነ ዎም ሳብዕ ነው። ይህ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም። አንድም የለውም። አማርኛ ውስጥ እንዲህ በእርግጠኝነት የምናገርለት የአጻጻፍ ሕግ ጥቂት ነውና ይጠቀሙበት።

በነካ እጄ፣ ያው በሽታ ሌላ ቦታም አለ። «ልጆቸ»፣ «ወንድሞቸ»፣ «ጓደኞቸ» እየተባለ ሲጻፍ አይተው ይሆናል። እዚህም ጆሮ ነው የሚያታልለው። ከች፣ ከጅ፣ ከሽ፣ ከኝ በኋላ የሚመጣው የግዕዝ (የመጀመሪያው ፊደል) ድምፅ ወደ ኤ ይጠጋል። ስለዚህ ቸ እና ቼ በአፍ ይቀራረባሉ። እኛ ጎጃሞች ደግሞ «ልጄ»ን «ልጀ» ብለን ስለምንጠራ ለዚህ ስህተት የቀረብን ነን። መፈተኛው ግን ያው ነው። «የእኔ ቤት» ሲባል «ቤቴ» ነው፤ ቴ ኃምስ (አምስተኛው ፊደል) ነው። ስለዚህ «ልጄ»፣ «ልጆቼ»፣ «ወንድሞቼ»። አነጋገርዎን አይለውጡ፤ «ልጀ» ማለት ነውር የለበትም። ወረቀት ላይ ሲሆን ነው ፊደሉ የሚጠበቀው።

አሁን ወደ «ገበሬ» እንምጣ። «ገበሬ» በሳድስ አያልቅም። ሬ የራሱ አናባቢ አለው። «ኦች» ሲመጣ ሁለት አናባቢ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። «ገበሬኦች» ለምላስ አይመችም። አማርኛ እንዲህ ሲገጥመው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ መሐላቸው አሸማጋይ ያስገባል፣ ወይ አንዱን ይውጠዋል። አሸማጋዩ ው ነው። ገበሬ፣ ው፣ ኦች። ው እና ኦ ሲጋጠሙ ዎ ይሆናሉ። «ገበሬዎች»። አንዳንድ ሰው ከኢ እና ከኤ በኋላ ይን አሸማጋይ ያደርግና «ገበሬዮች»፣ «ተማሪዮች» ይላል። በንግግር ይሰማል። በጽሑፍ ግን «ዎች» አሸንፏል፤ ልጅዎም ከእሱ አትውጣ።

መዋጥ የሚባለው የልጅቱ ጥያቄ ነው። «ውሻ» ላይ «ኦች» ሲመጣ የሻ አናባቢ ይዋጥና ሻ ሾ ይሆናል። «ውሾች»። ካልተዋጠ ደግሞ «ውሻዎች» ነው። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ሁለቱም በጽሑፍ አሉ። አህያ «አህዮች»ም «አህያዎች»ም ይሆናል። ከተማ «ከተሞች»ም «ከተማዎች»ም ይሆናል። መኪና «መኪኖች»ም «መኪናዎች»ም። ማንም መምህር ከሁለቱ በአንዱ ነጥብ ቢቀንስ ተሳስቷል። በፈተና ላይ «ትክክለኛውን ምረጥ» ብሎ ሁለቱን ምርጫ ውስጥ የሚያስገባ ካለ ጥፋቱ የጥያቄ አውጪው ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ግን ሁሌ እኩል ያምራሉ ማለት አይደለም። «የጮቄ ተራሮች» ነው የምንለው። «የጮቄ ተራራዎች» ብል ሰዋስው አልጣስኩም፤ ግን ቃሉ ባዳ ይመስላል። «ከተሞች» ከ«ከተማዎች» ይልቅ ለዓይን የለመደ ነው። «አለቆች»ም እንዲሁ። በተለይ በ«ኛ» የሚያልቁ ቃላት ከመዋጥ ሌላ አያውቁም። ሠራተኛ፣ ሠራተኞች። ጋዜጠኛ፣ ጋዜጠኞች። በሽተኛ፣ በሽተኞች። «ሠራተኛዎች» ብሎ የሚጽፍ ሰው አማርኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ይመስለኛል።

መዋጥ የማይገባው መቼ ነው? ሲዋጥ ሌላ ቃል የሚመስል ከሆነ። ለዚህ ከጎጃም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ በሬ አለልን። በሬ ሲዋጥ «በሮች» ይሆናል። በርም ሲበዛ «በሮች» ነው። በአፍ ሲሆን አይምታታም፤ የበር ር ይጠብቃል፣ የበሬው ይላላል። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ገበሬው በሮቹን አስገብቶ በሮቹን ዘጋ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢሰጠኝ አነባዋለሁ፤ ግን አንዴ ቆም ብዬ ነው። «በሬዎቹን አስገብቶ በሮቹን ዘጋ» ቢባል አልቆምም። «ሥራ»ም እንዲሁ ነው። ሲዋጥ «ሥሮች» ይሆናል፤ ያ ደግሞ የዛፍ ሥር ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ሥራዎች» ብቻ። «እርሻ» ተውጦ «እርሾች» ሲሆን ሰው እርሾ ያስባል። «እርሻዎች» ይባል።

አዳዲስ የውጭ ቃላትም ባይዋጡ ይሻላል። ቪዲዮ፣ ቪዲዮዎች። ፎቶ፣ ፎቶዎች። ሲዋጡ ቃሉ ገና ስላልለመደ አንባቢው ይደናገራል። በሳድስ የሚያልቁት ግን ምንም ጣጣ የላቸውም። ባጃጅ «ባጃጆች»፣ ስልክ «ስልኮች»፣ ኮሌጅ «ኮሌጆች»። የውጭ ቃል መሆናቸውን ረስተው ከቤት ጋር ቤተኛ ሆነዋል።

አጠር ባለ ቋንቋ፣ ለልጅዎ የምሰጣት ምክር ይህ ነው። ቃሉ በአናባቢ ካለቀና ካመነታች ሙሉውን ቃል ትጻፍና «ዎች» ትጨምር። ብትሳሳት እንኳ የምትሳሳተው በውበት እንጂ በትርጉም አይደለም። «ኛ» ካለበት ግን ትዋጠው። በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዴ «ውሾች» አንዴ «ውሻዎች» አትበል። የመረጠችውን እስከ መጨረሻው ትያዝ።

አሁን ወደ አባትዎ። የቅኔ ስልት በስማቸው የሚጠራባቸው ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት ሀገር ያደገ፣ ግዕዝ የተማረ ሰው «መምህራኖች» ሲሰማ ጆሮው ቢጎረብጠው አይገርምም። ግዕዝ ብዙ ቁጥርን በ«ኦች» አይሠራም። አንዳንዱን መጨረሻው ላይ «ኣን» ይጨምርበታል፤ መምህር መምህራን፣ ቅዱስ ቅዱሳን፣ ምሁር ምሁራን። ሌላውን «ኣት»፤ ካህን ካህናት፣ ሕፃን ሕፃናት፣ ገዳም ገዳማት፣ ቃል ቃላት። አንዳንዱን ደግሞ ውስጡን ይበውዘዋል። ኮከብ ከዋክብት፣ መልአክ መላእክት፣ አንበሳ አናብስት፣ መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ድንግል ደናግል። አማርኛ እነዚህን ከነብዛታቸው ነው የተቀበላቸው። ስለዚህ «መምህራን» ራሱ ብዙ ነው። «ኦች» ሲጨመርበት በካፖርት ላይ ካፖርት መደረብ ነው።

«መምህራኖች»፣ «ካህናቶች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «መላእክቶች»፣ «እንስሳቶች» የሚሉት ለምን እንደሚመጡም ግልጽ ነው። ግዕዝ ያልተማረ ጆሮ «ኣን» እና «ኣት»ን የብዛት ምልክት አድርጎ አይሰማቸውም። «ብዙ» የሚለውን የሚሰማው በ«ኦች» ብቻ ነው። ስለዚህ ይጨምራል። አንድ እንግዳ ነገር ልንገርዎት። እንግሊዝኛም ውስጥ ይህ ተደርጓል። «ቺልድረን» የሚለው ቃል በታሪኩ ድርብ ብዙ ነው። የድሮው ብዙ ቁጥር «ቺልደር» ዓይነት ነበር፤ ሰዉ ብዛቱ አልሰማ ሲለው «ን» ያለበትን ሌላ የብዛት ምልክት ደረበበት። ዛሬ ማንም ስህተት አይለውም።

ግዕዝ ራሱም ከዚህ ንጹሕ አይደለም። ይህን ለአባትዎ ይንገሯቸው፤ ያውቁታል፣ ግን ልብ ላይሉት ይችላሉ። የንጉሥ ብዙ «ነገሥት» ነው። «ነገሥታት»ስ? በነገሥት ላይ «ኣት» ተጨምሮ ነው፤ የብዙ ብዙ። እሳቸውም ያለ ጥርጥር «ነገሥታት» ይላሉ። «አህጉር» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በግዕዝ የሀገር ብዙ ቁጥር ነው። አማርኛ ወስዶ ነጠላ አደረገው። ዛሬ አፍሪካ አንድ አህጉር ናት፤ ሲበዙ «አህጉራት» ይባላሉ። «አህጉር ብዙ ነውና አህጉራት አትበሉ» የሚል ሰው ቢነሣ ማንም አይሰማውም። አማርኛ ከግዕዝ የወሰደውን ሁሉ በግዕዝ ሕግ ያስተዳድራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ይህን ያልኩት ለ«መምህራኖች» ጥብቅና ለመቆም አይደለም። በንግግር ይለፍ፤ ሰው በገበያ መሐል «ካህናቶቹ መጡ» ሲል አቋርጦ የሚያርም ሰው አይወደድም። በጽሑፍ ግን ይቅር። «አህጉራት» የጸደቀው «አህጉር» በአማርኛ ነጠላ ስለሆነ ነው። «መምህራን» ግን ዛሬም ብዙ ነው። «መምህራኖች» ሁለት የተሻሉ አማራጮች አሉት፤ «መምህራን» እና «መምህሮች»።

ከአባትዎ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። «መምህሮች» የገበያ አማርኛ አይደለም፤ አማርኛ ነው። «መምህር» በሳድስ ያልቃል። ርን ሮ ማድረግ የቋንቋው ዋና ሕግ ነው። «መጽሐፎች» እንዲሁ። «ገዳሞች» እንዲሁ። ከግዕዝ የመጣ ቃል ሁሉ በግዕዝ ይብዛ ካልን «ቤት»ንም ግዕዝ ነውና «አብያት» እያልን ልንኖር ነው። አባትዎ ግን «ሰባት ቤቶች ተቃጠሉ» ሲባል አይቆጡም።

የቃና ልዩነት አለ፤ እሱን እሰጣቸዋለሁ። «መምህራን» ለደብዳቤ፣ ለስብሰባ፣ ለማዕረግ ይስማማል። «መምህሮች» ወደ ቤት ቋንቋ ያደላል። «ቅዱሳን»ን «ቅዱሶች» ማለትም ያምራል ብዬ አልዋሽም። በቤተ ክህነት ቃላት ላይ ግዕዙን መያዝ ይሻላል።

ግዕዙን የሚይዝ ሰው ግን በትክክል ይያዘው። ግማሽ ግዕዝ፣ ግማሽ ግምት የሆነ አጻጻፍ ከሁሉም የከፋ ነው። ዋናው ተጠቂ «መጽሐፍት» ነው። የትም ያዩታል፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ «ቤተ መጽሐፍት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ይገኛል። ነጠላው «መጽሐፍ» ነው። ብዙው «መጻሕፍት» ነው፤ ጽ ወደ ጻ፣ ሐ ወደ ሕ ይለወጣሉ። «መጽሐፍት» ነጠላውን እንዳለ ይዞ የብዙውን ጅራት የቀጠለ ነው፤ ወዲያም ወዲህም የለም። ቤተ መጻሕፍት፣ የመጻሕፍት ቤት። አራት ነጥብ።

ሁለተኛው ተጠቂ «ኢትዮጵያዊያን» ነው። በ«ዊ» የሚያልቅ ቃል ሲበዛ ዊ አይቆይም። ወደ ው ይወርድና «ያን» ይከተለዋል። ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያውያን። ባሕታዊ፣ ባሕታውያን። ለሴቶች ብቻ ሲሆን «ኢትዮጵያውያት» ነው። ይህም ከጆሮ የመጣ ስህተት ነው፤ ውያ እና ዊያ ፈጥነው ሲነገሩ አይለዩም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ«ን» ወይም በ«ት» ያለቀ ሁሉ ብዙ አይደለም። ሕፃን አንድ ነው። ክርስቲያን አንድ ሰው ነው፤ «ክርስቲያኖች» ብትል ልጅዎ አልደረበችም። ዓመት አንድ ነው፤ «ዓመታት»ም «ዓመቶች»ም ይባላል። አባትዎን የሰማ ሰው ፈርቶ ከ«ክርስቲያኖች» ላይ «ኦች»ን እንዳይቆርጥ። መፈተኛው ቀላል ነው። «አንድ» ብላ ከፊቱ ታስቀምጥ። «አንድ ክርስቲያን» ያስኬዳል። «አንድ መምህራን» አያስኬድም። የማያስኬደው ብዙ ነውና «ኦች» አይፈልግም።

ሁለት ቃል ተጣምሮ የሚመጣ ጊዜ ነገሩ ይጠላለፋል። በግዕዙ ስልት የሚበዛው የፊተኛው ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይበዛሉ። ሊቀ ጳጳስ፣ ሊቃነ ጳጳሳት። ቤተ ክርስቲያን፣ አብያተ ክርስቲያናት። ይህን የሚያውቅ ይጻፈው። የማያውቅ በአማርኛው «ቤተ ክርስቲያኖች» ቢል እኔ ባርም አልነካውም። «ቤተ ክርስቲያናት» ግን ከላይ እንዳልኩት ግማሽ ነው፤ ጅራቱ ብቻ ነው ግዕዝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያለች ልጅ በዚህ ባትጨነቅ ደስ ይለኛል።

ስለ ቁጥር ባጭሩ። ከቁጥር በኋላ አማርኛ «ኦች»ን አያስገድድም። «ሦስት በሬ አለኝ»፣ «ሃያ ኪሎ ጤፍ ገዛሁ»፣ «አሥር ብር ስጠኝ»። ብዛቱን ቁጥሩ ተናግሮታል። በተለይ በመለኪያና በገንዘብ ላይ «ሃያ ኪሎዎች»፣ «አሥር ብሮች» ማለት ከእንግሊዝኛ ክፍል የወጣ ልማድ ነው፤ በጎጃም ገበያ እንዲህ ብሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ይጨመርበታል። ሰው ላይ ሲሆን «ሦስት ልጆች»ም «ሦስት ልጅ»ም ይባላል። ቅጽሉም የራሱን ብዛት ይሠራል፤ «ረጃጅም ዛፎች»፣ «አዳዲስ ቤቶች»። ብዙ ሰው ይህን በአፉ ስለማይስት አልቆይበትም።

አሁን ምን ያድርጉ? ነጥቡን ለማስመለስ ትምህርት ቤት አይሂዱ። የተቀነሰው በሚገባ ነው። «መምህራኖች»ን በተመለከተ መምህሩን በልጅቱ ፊት አይንኩት። ለብቻው ሲያገኙት ይንገሩት፤ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ለልጅቱ ደግሞ ዛሬ ማታ አያቷ የቃል ጽሕፈት ይስጧት። መጀመሪያ «ገበሬው በሬዎቹን አስገብቶ በሮቹን ዘጋ» ይበሏት። ቀጥለው ነጠላውን እየጠሩ ብዙውን ትጻፍላቸው፤ ሰው፣ ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ ሥራ፣ መጽሐፍ፣ ኮከብ። «መጽሐፍ» ላይ «መጽሐፎች» ካለች አያቷ ዝም ይበሉ። «መጽሐፍት» ካለች ግን እስክታስተካክል ከወንበሯ አትነሣ።